በፍሊስ ሹራብ ላይ በወንፊት ስለ ማተም

የምረቃ ወራት ሲቃረብ በየክፍሉ ገንዘብ ይዋጣል፤ ኮሚቴ ይመረጣል፤ የክፍሉ ስምና ዓመተ ምሕረት የሚታተምበት ልብስም ይታዘዛል። የሚታዘዘው ስስ ቲሸርት ሲሆን ነገሩ ብዙ አያስቸግርም። ቆብ ያለው ወፍራም ሹራብ፤ በተለምዶ ሁዲ የምንለው ሲሆን ግን ሥራው ሌላ ነው። ሦስት ዓይነት ጥፋት ደጋግሞ ይታያል። አንደኛ፤ ልብሱ ጥቂት ጊዜ እንደ ታጠበ ጽሑፉ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛ፤ በቀይ ሹራብ ላይ የታተመው ነጭ ጽሑፍ ከቀናት በኋላ ሮዝ ይሆናል። ሦስተኛ፤ ፊደሉ ይደፈንና «ቤት» የተባለው «ቢት» ተብሎ ይነበባል።

ይህ በደረሰ ጊዜ ወቀሳው ሁሉ በአታሚው ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው ከሦስቱ ጥፋቶች ሁለቱ የሚፈጸሙት ቀለም ገና ሳይነካ ነው። የማቅለሚያው መውጣት በአብዛኛው የሚወሰነው ጨርቁ ሲመረጥ ነው፤ የፊደሉ መደፈን ደግሞ ጽሑፉ ሲነደፍ ነው። ጨርቁን የሚመርጥና ጽሑፉን የሚያስነድፍ ማን ነው ቢባል ኮሚቴው ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁላችንንም አታሚ ለማድረግ ሳይሆን፤ የጓደኞቹን ገንዘብ በአደራ የያዘ ሰው ምን መምረጥና ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማስረዳት ነው። በገዛ እጁ ለማተም ለሚሻም መነሻ ይሆነው ይሆናል።

1ኛ. የወንፊት ኅትመት ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት የስቴንስል ማባዣን ማስታወስ ይበቃል። በስቴንስል ሲባዛ የታይፕ መኪናው ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፤ ቀለሙም በተበሳው በኩል ብቻ አልፎ ወረቀቱን ይነካል። የወንፊት ኅትመትም መሠረቱ ይኸው ነው። በአታሚዎች ዘንድ ስክሪን የሚባለው ዕቃ በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ የተወጠረ ስስ ወንፊት ነው። የእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ሰው የነበረው ሳሙኤል ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. የሐር ወንፊትን ለዚህ ሥራ የሚያውል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ በሐሩ ፋንታ የፖሊስተር ክር ገብቷል። የሥነ ጥበብ ታሪክ የተማሩ ጓደኞቻችን እንደሚያስታውሱት አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. የማሪሊን ሞንሮን ፊት ደጋግሞ ያተመው በዚሁ ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ወንፊቱ ኢመልሽን የሚባል፤ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ቅባት ይቀባና ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ በደማቅ ጥቁር የወጣው ጽሑፍ ተለጥፎበት ለኃይለኛ ብርሃን ይጋለጣል። ጥቁሩ የሸፈነው ስፍራ ብርሃን ስለማያገኘው ሳይጠነክር ይቀራል፤ በውሃ ሲታጠብም ይለቅና ወንፊቱ በዚያ በኩል ክፍት ይሆናል። ቀለም በላዩ ተደርጎ በጎማ መግፊያ ሲገፋ በክፍቱ በኩል አልፎ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ጽሑፉ ስንት ቀለም ካለው ያን ያህል ወንፊት ያስፈልገዋል።

2ኛ. ፍሊስ አንድ ጨርቅ አይደለም

ፍሊስ በሚለው በአንዱ ስም የሚጠሩ ሁለት በጣም የተለያዩ ጨርቆች አሉ። ይህን አለመለየት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

የመጀመሪያው የተለመደው የሁዲ ጨርቅ ነው። ውጭው እንደ ቲሸርት ለስላሳ ሲሆን ውስጡ በብሩሽ ተፍቆ ጠጉር እንዲያወጣ ተደርጓል። ብዙውን ጊዜ ከጥጥና ከፖሊስተር ተደባልቆ ይሠራል፤ ለምሳሌ 80 በመቶው ጥጥ 20 በመቶው ፖሊስተር፤ ወይም እኩል በእኩል ይሆናል። የዚህ ልብስ ታሪክ ከአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ጋር የተያያዘ ነው። በአላባማ የራስል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ከጥጥ የተሠራ ወፍራም የስፖርት ሹራብ ያወጣው፤ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫዋቾች የሱፍ ማልያ እያሳከካቸው ስለ ተቸገሩ ነው ይባላል። ስለዚህ ሹራቡ ወደ ተማሪ ትከሻ የመጣው ገና ከጥንቱ ነው።

ሁለተኛው ፖላር ፍሊስ የሚባለው ነው። ይህን በማሳቹሴትስ ይገኝ የነበረው የማልደን ሚልስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. አወጣው። ጥጥ የለበትም፤ ፖሊስተር ብቻ ነው። በውስጥም በውጭም ተፍቆ ጠጉር የወጣለት ስለሆነ፤ እጅ ሲነካው የበግ ጠቦት ይመስላል። ቀላልና ሞቃት ነው፤ ሲታጠብም ቶሎ ይደርቃል። ለኅትመት ግን ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ቀለሙ የሚያርፍበት ለስላሳ ገጽ የለውም፤ ሙቀትም አይችልም።

ሹራቡ ከየትኛው ወገን መሆኑን ለማወቅ በአንገቱ ውስጥ ወይም በጎኑ የተሰፋውን ምልክት ማንበብ ነው። ምልክቱ የተቆረጠ እንደሆነ ከውስጥ ስፌቱ አጠገብ ጥቂት ክር መዝዞ በሳሕን ላይ ማቃጠል ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ድብልቁ አመድም ዶቃም ያሳያል። ይህ ትንሽ ሙከራ የሚወስደው አንድ ክብሪት ብቻ ነው፤ የሚያድነው ግን የክፍሉን ሁሉ መዋጮ ሊሆን ይችላል።

3ኛ. ስለ ፊደል አነዳደፍ

ይህ ክፍል ይበልጡን የእኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። የላቲን ፊደል ጥቂት ቢደፈን ቃሉ ከነጉድለቱ ይታወቃል። የኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥል ነው። «በ» «ቡ» የሚሆነው በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ትንሽ መስመር ሲጨመርለት ነው፤ መስመሯ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ «ቢ» ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ቀለበት ሲሆን ደግሞ «ቤ» ይባላል። በወረቀት ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በጠጉራም ጨርቅ ላይ ግን ቀለሙ ወደ ጎን ስለሚስፋፋ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈናል። ቀዳዳው የተደፈነ «ቤ» ከ«ቢ» አይለይም። እንዲሁም ቀጭኗ መስመር በጠጉሩ ውስጥ ሰጥማ ከጠፋች «ሁሉ» የነበረው «ሁለ» ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ፤ ለጽሑፉ ወፍራምና ቀለበቱ ሰፊ የሆነ የፊደል ዓይነት ይመረጥ። በሁዲ ጨርቅ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር፤ በፖላር ፍሊስ ላይ ደግሞ ከሦስት ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ባይኖር መልካም ነው። የቀለበቱም ቀዳዳ ቢያንስ የመስመሩን ያህል ስፋት ይኑረው። ሁለተኛ፤ የስም ዝርዝር ለማተም የታሰበ እንደሆነ ፊደሉ እጅግ ስለሚያንስ፤ ዝርዝሩን በቲሸርት ላይ አድርጎ በሹራቡ ላይ የክፍሉን ስምና ዓመቱን ብቻ ማተም ይሻላል። ሦስተኛ፤ ንድፉ በሚታተምበት ትክክለኛ መጠን በወረቀት ይውጣና ከሦስት ሜትር ርቀት ይነበብ። በወረቀት ላይ ያስቸገረ ፊደል በሹራብ ላይ ፈጽሞ አይነበብም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ስፍራው ጥቂት ልበል። የሁዲ ደረት ኪስ አለው፤ ስፌትም አለው። በስፌትና በኪስ ጠርዝ ላይ የሚታተም ነገር ጨርቁ ደረጃ ስለሚሠራ ግማሹ ቀለም ይበዛበታል፤ ግማሹ ሳይነካው ይቀራል። ንድፉ ከኪሱና ከስፌቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። አንድ ወንፊት ለሁሉም መጠን ስለሚያገለግል፤ ንድፉ የሚለካው ከሁሉ በሚያንሰው ሹራብ እንጂ በትልቁ አይደለም።

4ኛ. ስለ ወንፊትና ስለ ገበታ

የወንፊት ዓይነት የሚለየው በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ክሮች ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀለምም በብዛት ያልፋል። ቁጥሩ ሲበዛ ረቂቅ መስመር ይወጣል፤ የሚያልፈው ቀለም ግን ያንሳል። በሁዲ ላይ ለሚታተም መደብ 110 ክር፤ በላዩ ለሚመጣው ቀለም 156 ክር የተለመዱ ናቸው። በፖላር ፍሊስ ላይ ግን ብዙ ቀለም ስለሚያስፈልግ ከ60 እስከ 86 ክር ያለው ሻካራ ወንፊት ይመረጣል። አታሚው ባለ 230 ክር ወንፊት ይዞ በፍሊስ ላይ መደብ እሠራለሁ ቢል፤ ቀለሙ ጨርቁን እንደማይሸፍነው አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ሹራቡ የሚለብሰው የማተሚያ ገበታ በሙጫ ይቀባል፤ ጨርቁ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ወፍራም ልብስ በክብደቱ የተነሣ ከስስ ቲሸርት ይልቅ ቶሎ ይላቀቃል። ስለዚህ ሙጫው ጠንከር ያለ ሊሆን ይገባል፤ ቆቡና እጅጌውም በገበታው ዙሪያ ተሰብስበው ጨርቁን እንዳይጎትቱት ያስፈልጋል። ወንፊቱም ጨርቁን ተጭኖ አይቀመጥም፤ መግፊያው ባለፈበት ብቻ ነክቶ ወዲያው መላቀቅ አለበት። በቲሸርት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ይበቃል፤ በፍሊስ ላይ ጨርቁ ስለሚነፋ ሦስት ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይተዋል። ክፍተቱ ካነሰ ወንፊቱ ከቀለሙ ጋር ይጣበቅና ሲነሣ ጠጉሩን አብሮ ያነሣዋል። ከማተም በፊትም በጨርቁ ላይ የተቀመጠውን ብናኝ በሚለጠፍ ጥቅል ማንሣት ያሻል፤ አለዚያ የወንፊቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

5ኛ. ስለ መደብ

የሥራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጭቃ ያልተመረገ ግድግዳ ኖራ ቢቀባ ኖራው በእንጨቱ መካከል ይቀራል እንጂ ግድግዳውን አያነጣውም። በፍሊስም ላይ እንዲሁ ነው። ቀለም በቆመ ጠጉር ላይ በቀጥታ ቢገፋ ጫፍ ጫፉን ነክቶ ይቀራል፤ ልብሱ ሲለበስና ሲታጠብ ጠጉሩ ይነሣና ጽሑፉ የሻገተ ይመስላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለም ሥራው ማማር ሳይሆን ጠጉሩን አስተኝቶ ወለል መሥራት ነው።

መደቡ እንዲህ ይሠራል። አንደኛ፤ ሹራቡ በገበታው ላይ እንዳለ ጥቂት ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ይወጣል፤ የሚኮማተረውም አስቀድሞ ይኮማተራል። ሁለተኛ፤ የመደቡ ቀለም ለሰስ ባለ ጎማ በደንብ ተጫን እየተባለ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይገፋል። ሦስተኛ፤ ፍላሽ በሚባለው ማሞቂያ ላዩ ብቻ እስኪረጋ፤ ማለት 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ይሞቃል፤ በጣት ሲነካ እጅ የማያቀልም ከሆነ በቂ ነው። ፍሊስ ሙቀት ስለሚመጥ ከቲሸርት ይልቅ ጥቂት ሰከንድ ይጨመርለታል፤ ገበታው እየጋለ ሲሄድ ግን ጊዜውን መቀነስ ያስፈልጋል። አራተኛ፤ የማይጣበቅ ወረቀት ተደርጎበት ላዩ በለስላሳ መዳመጫ ይደለደላል፤ ቀና ቀና ያለው ጠጉር ሁሉ በዚህ ጊዜ ይተኛል። ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ቀለም የሚታተመው፤ አሁን የሚያርፈው በጠጉር ላይ ሳይሆን በወለል ላይ ነውና መስመሩ ጠርቶ ይወጣል።

6ኛ. ስለ ማብሰል

በልብስ ኅትመት በብዛት የሚሠራበት ቀለም ፕላስቲሶል ይባላል። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በጣም ደቅቆ በሚያለሰልስ ፈሳሽ ውስጥ የተበጠበጠ ነው። ይህ ቀለም በነፋስ አይደርቅም፤ በወንፊቱ ላይ ቢያድርም አይደርቅም። የሚጠነክረው በሙቀት ብቻ ነው። መደበኛው ዓይነት ከላይ እስከ ታች 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ደቃቁ ፕላስቲክ ተዋሕዶ አንድ አካል ይሆናል፤ ይህንንም ማብሰል እንበለው።

ከላይ እስከ ታች ያልኩት በከንቱ አይደለም። የቀለሙ ላይ 160 ዲግሪ ሲደርስ ታቹ ገና 120 ሊሆን ይችላል፤ ፍሊስ ወፍራምና እርጥበት የሚይዝ ስለሆነ ሙቀቱን ይሻማል። በቲሸርት የተለካውን ጊዜ በሹራብ ላይ የሚሠራ አታሚ ላዩ የበሰለ፤ ውስጡ ጥሬ የሆነ እንጀራ ጋገረ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይታወቅም፤ በእጥበት ጊዜ ግን ይሰነጣጠቃል። ከርቀት የሚለካው ቴርሞሜትር የሚያሳየው የላዩን ብቻ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም። መብራት በሥራው መካከል ቢጠፋም ፍላሽ ብቻ የነካቸው ሹራቦች ከበሰሉት ጋር እንዳይቀላቀሉ መለየት አለባቸው፤ በእጅ ሲነኩ የደረቁ ይመስላሉና።

መብሰሉን ለማወቅ ሁለት ፈተና አለ። ሹራቡ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ጽሑፉን በሁለት እጅ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ የበሰለው ይሳባል፤ ይመለሳል፤ ያልበሰለው ይሰነጠቃል። ይበልጥ የሚታመነው ግን እጥበት ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቦ እየደረቀ የታየ ሹራብ እውነቱን ይናገራል።

7ኛ. ስለ ማቅለሚያ መውጣት

ፖሊስተር የሚቀለምበት ማቅለሚያ በሙቀት የገባ ነው፤ በሙቀትም ይወጣል። ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ እየተጠጋና እያለፈ ሲሄድ ማቅለሚያው እንደ እንፋሎት ሆኖ ከክሩ ይለቅና ወደ ቀለሙ ይገባል። ቀዩ ሹራብ ነጩን ጽሑፍ ሮዝ ያደርገዋል፤ ሰማያዊው ደብዛዛ ሰማያዊ ያደርገዋል። ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ከአታሚው ቤት ነጭ ሆኖ የወጣው ከቀናት በኋላ ሊለወጥ ይችላል።

እንግዲህ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ቀለሙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ጨርቁ ሙቀት ይጠላል። መፍትሔውም ከሦስቱ አንዱ ወይም ሦስቱም በአንድነት ነው። የመጀመሪያው ከ130 እስከ 140 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት የሚበስል ቀለም መምረጥ ነው። ሁለተኛው ማቅለሚያውን የሚያግድ ግራጫ መደብ ከነጩ በታች ማተም ነው። ሦስተኛውና ቀላሉ ጥጡ የበዛ ሹራብ፤ ወይም ነጭ የማይታተምበት የቀለም ቅንብር መምረጥ ነው። ከማሞቂያው የወጡ ሹራቦችም ሳይበርዱ አይደራረቡ፤ ትኩስ ክምር ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛልና ማቅለሚያው መውጣቱን ይቀጥላል።

ፖላር ፍሊስ ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ሂት ፕሬስ የሚባለው መጭመቂያ ተጭኖ ቢዘጋበት ጠጉሩ ተደፍጥጦ የሚያብረቀርቅ አራት ማዕዘን ምልክት ይቀርበታል፤ ይህም አይለቅም። ስለዚህ መጭመቂያው ሳይነካ ከላዩ ተንጠልጥሎ ያሞቀዋል፤ ወይም በማድረቂያ ውስጥ ያልፋል። ንድፉ ረቂቅ ከሆነ ግን ኅትመቱን ትቶ በክር ማስጠለፍ ይሻላል፤ ጥልፍ ጠጉሩን በመርፌ ራሱ ያስተኛዋልና።

8ኛ. ኮሚቴው ምን ይጠይቅ?

ከላይ የተባለውን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ላይኖር ስለሚችል በአጭሩ ልሰብስበው። ኮሚቴው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

ሀ. ሹራቡ ስንት በመቶ ጥጥ፤ ስንት በመቶ ፖሊስተር ነው?
ለ. መደብ ይታተማል ወይስ ቀለሙ በቀጥታ ይገፋል?
ሐ. ቀለሙ በስንት ዲግሪ ይበስላል? ለዚህ ጨርቅስ ይስማማል?
መ. ንድፉ በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት ወጥቶ ታይቷል ወይ? የ«ቤ»ና የ«ሌ» ቀለበቶችስ ክፍት ናቸው?
ሠ. አንድ ሹራብ ብቻ አስቀድሞ ታትሞ ሊሰጠን ይችላል ወይ?

ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። የክፍሉ ተማሪዎች ስልሳ ቢሆኑ አንዱ ሹራብ የጠቅላላው ወጪ አንድ ስልሳኛ ነው። ያ አንዱ ታጥቦ፤ ተስቦ፤ አንድ ሳምንት ተሰቅሎ ከታየ በኋላ ሃምሳ ዘጠኙ ይታተማሉ። ይህን ለማድረግ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ሹራቡ የሚታዘዘው ምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው ከሆነ መፈተን የለም፤ ማረምም የለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮ ኮሚቴዎች ቢቻል ከአንድ ወር በፊት ይጀምሩ። ለመዋጮው ብዙዎቻችን ከምሳችን ቀንሰን የምንሰጥ ነንና፤ ያ ገንዘብ ሦስት እጥበት የማይችል ጽሑፍ ሊገዛ አይገባውም።